አንድ አዳፕተር፣ ሁለት ድራይቨር፦ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ዋይፋይ

መነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። ዴስክቶፔ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት፣ የራሱ ዋይፋይ የሌለው ማሽን ስለሆነ ከራውተሩ ጋር የሚገናኘው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ነው። ማሸጊያዋ ላይ ስለ ቺፗ የተጻፈ ነገር ባይኖርም ሪልቴክ 8811ሲዩ መሆኑን ውሎ አድሮ ደርሼበታለሁ። ሊኑክስ ሚንት 21 በነበረኝ ጊዜ ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) 5.15 ነበረና ለዚህ ቺፕ የሚሆን ድራይቨር (ቺፑን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አብሮት አልመጣም፤ ስለዚህ ምንጭ ኮዱን አውርጄ በዲኬኤምኤስ (ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል ድራይቨሩን እንደገና በሚገነባው መሣሪያ) አማካኝነት ጫንኩት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋይፋይ ማሰብ ተውኩ።

ባለፈው ወር ወደ ሚንት 22 ተሸጋገርኩ፤ ከርነሉም 6.8 ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስት ነገሮች ያስቸግሩኛል። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዋይፋይ የለም፤ ተርሚናል ከፍቼ 8821ሲዩ የተባለውን ሞጁል (ያወረድኩት ድራይቨር ስሙ ይህ ነው) በሞድፕሮብ፣ ሞጁል ወደ ከርነሉ በሚያስገባው ትእዛዝ፣ ስጠራው ብቻ ይመጣል። ሁለተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ይህም ዘዴ አይሠራም፤ በምትኩ ምንም ሲዲ ሳላስገባ የሲዲ ምስል ገጹ ላይ ብቅ ይላል፤ ቫይረስ ይሆን እንዴ ብዬም ሰግቻለሁ። ሦስተኛ፣ ከተገናኘም በኋላ በየአሥሩ ወይም በየአሥራ አምስቱ ደቂቃ ይቋረጣል።

ያደረግኩትን አልደብቅም። ሦስት ቪዲዮ ተመልክቼ ሦስቱም ያዘዙትን ፈጽሜያለሁ። የቀድሞው ምንጭ ኮድ በአዲሱ ከርነል ላይ አልገነባ ስላለኝ አዲስ እትም ከሌላ ቦታ አወረድኩ። አንዱ ቪዲዮ ከከርነሉ ጋር የሚመጣውን ድራይቨር እንዳግድ፣ ሌላው ደግሞ ያወረድኩትን እንዳግድ ነግረውኝ ሁለቱንም የሰማሁ ይመስለኛል። አሮጌውን ሳላጠፋ የተውኩት ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል በሚለው ብሂል ነው። አሁን የምጠይቀው የትኛውን ድራይቨር ማውረድ እንዳለብኝ ነው።

ምላሾቹ

የውይይቱ ክር ከሃያ ምላሽ በላይ ስለሄደና አንዳንዱም በተርሚናል ቅጂ የተሞላ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው ሁሉንም ማገላበጥ ሳያስፈልገው እንዲከታተለው የተባለውን በራሴ አነጋገር በተራ ቁጥሩ አስፍሬያለሁ። ትእዛዞችንና መለያ ቁጥሮችን የጻፍኩት በንባባቸው ነው።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ በባሕር ዳር የኮምፒውተር መምህር መሆናቸውን የገለጹ ሰው ናቸው። ሰላምታ አስቀድመው፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄዬ ራሱ መስተካከል እንዳለበት በትሕትና ነገሩኝ፤ የትኛውን ላውርድ ከማለቴ በፊት አዳፕተሯን በዚህ ሰዓት የያዛት ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አራት ነገር እንድለጥፍም ጠየቁኝ፤ ኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩትን የዩኤስቢ መሣሪያዎች የሚዘረዝረው ትእዛዝ) የሚያወጣውን ዝርዝር፣ ያው ትእዛዝ ከሰረዝ ቲ ጋር ሲሰጥ የሚያወጣውን ቅርንጫፍ ያለው ዝርዝር፣ ዲኬኤምኤስ ስታተስ የሚለውን፣ እንዲሁም ኢቲሲ ሥር ባለው፣ የሞጁሎች አጠራር በሚወሰንበት የሞድፕሮብ ዲ ፎልደር ውስጥ የሚገኙትን ፋይሎች። ይህ እስኪታይ ድረስ አንድም ነገር እንዳላወርድ አጥብቀው አሳሰቡኝ።

ምላሽ 2። ወደ ዊንዶውስ እንድመለስ የሚመክር አንድ መስመር ነበር።

ምላሽ 3። ይህ የእኔ ነው። የለጠፍኩትን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው፤ በኋላ የተነሣው ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና። መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ያወጣሁት ዝርዝር ላይ የአዳፕተሯ መስመር ዓይነቷን ማስ ስቶሬጅ፣ ድራይቨሯን ዩኤስቢ-ስቶሬጅ ይላል፤ መለያዋም 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ነው። ያ የሲዲ ምስል ይጥፋልኝ ብዬ በቀኝ ጠቅ አድርጌ ኢጀክት ስለው መለያዋ ወደ 0ቢዲኤ፡ሲ811 ተለወጠ፤ የድራይቨሩ ቦታ ላይ ግን ኖን (ምንም) የሚል ቃል ብቻ ቀረ። 8821ሲዩን በስሙ ስጠራው ያው ቦታ ላይ አርቲኤል8821ሲዩ የሚል ስም ተተካ፤ ዋይፋዩም መጣ። ዲኬኤምኤስ ሁለት መስመር አወጣ፤ አንዱ የቀድሞው፣ ተመዝግቦ ያልተገነባው፣ ሌላው አዲሱ፣ ለ6.8 ተገንብቶ የተጫነው። በሞድፕሮብ ዲ ውስጥ ካሉት ፋይሎች አንዱ አርቲደብሊው88_8821ሲዩን (ከከርነሉ ጋር የሚመጣውን ድራይቨር)፣ ሌላው 8821ሲዩን በብላክሊስት ያግዳል። ፋይሎቹ ብዙ ስለነበሩ ሁሉንም አልለጠፍኩም፤ ሁለቱን ስሞች ብላክሊስት ከሚለው ቃል ጋር አያይዤ በግሬፕ፣ በጽሑፍ ፈላጊው ትእዛዝ፣ ፈልጌ ያገኘሁትን ብቻ ነው ያቀረብኩት። ይህች ስንፍና በኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

ምላሽ 4። መልሱ የመጣው እዚሁ አዲስ አበባ በኔትወርክ ሥራ ላይ ከተሰማራ ወጣት ሲሆን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ነገሩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዋይፋይ የማይኖረው ድራይቨር ስለጎደለ አይደለም፤ ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱንም ያገድኩት ራሴ ነኝ። ያወረድኩት ድራይቨር ሲጫን የከርነሉን የሚያግድ ፋይል አስቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ቪዲዮ አምኜ ያወረድኩትን የሚያግድ ሌላ ፋይል ጻፍኩ። በተረቴም አልማረኝም፤ ሁለት ባላ ተክዬ ሁለቱንም በገዛ መጥረቢያዬ እንደቆረጥኳቸው ጻፈ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። አርቲደብሊው88 የተባለው የከርነሉ ድራይቨር የዩኤስቢ አዳፕተሮችን መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በወጣው 6.2 ከርነል ሲሆን፣ 8821ሲዩና የእኔው 8811ሲዩም በዚያ ውስጥ ተካተዋል። በ5.15 ዘመን ከውጭ ማውረዴ ትክክል ነበር፤ በ6.8 ግን የሚወርድ ነገር የለም፤ ያለው የሚጠፋ ነገር ነው።

ምላሽ 5። ከዱባይ የሚጽፍ ወንድም በዚህ አልተስማማም። የእሱ ሐሳብ ሁለት ክፍል ነበረው። ብላክሊስት የተደረገ ሞጁል ፈጽሞ ሊጫን እንደማይችል፣ ስለዚህም 8821ሲዩ የሚሠራልኝ ከሆነ በእርግጥ እንዳልታገደ አስረዳ። መቋረጡንም በተመለከተ፣ ሁለቱ ድራይቨሮች አዳፕተሯን በየደቂቃው እየተነጣጠቁ እንደሆነ፣ አንዱ ሲይዛት ሌላው እንደሚቀማው በእርግጠኝነት ተናገረ።

ምላሽ 6። የ4ኛው ጸሐፊ ተመልሶ ሁለቱንም ነጥቦች አረመ። ብላክሊስት የሚከለክለው መሣሪያው ሲሰካ ከርነሉ በመለያ ቁጥሩ ተመርቶ ሞጁሉን በራሱ እንዲጠራ የሚያደርገውን መንገድ ብቻ ነው፤ ሰው ሞጁሉን በስሙ ሲጠራው ግን ይገባል፤ ለዚህ ማስረጃው እኔው በ3ኛው ምላሽ የለጠፍኩት ነው። ጨርሶ እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው በዚያው ፎልደር ውስጥ ኢንስቶል የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅሞ ሞጁሉ በተጠራ ቁጥር ፎልስ የተባለችው ፕሮግራም በምትኩ እንድትሄድ ማድረግ ይኖርበታል። መነጣጠቅ የተባለውም ትክክል አይደለም። አንድን የዩኤስቢ ገጽታ (ኢንተርፌስ) በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ድራይቨር ብቻ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይይዘዋል፣ እስኪለቅም ድረስ ሌላው አይነካውም። ግጭቱ የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወይም አዳፕተሯ ስትሰካ ነው፤ ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው መቋረጥ ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

ይህን ሳነብ ራሴን ታዝቤያለሁ። ሦስት ምልክት ስላየሁ አንድ በሽታ ነው ብዬ ነበር የተነሣሁት።

ምላሽ 7። ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። የዱባዩ ጸሐፊ በመታረሙ ሳይሆን በአስተራረሙ ተቆጥቷል፤ እሱ ሊኑክስ ሲጀምር አራሚው ገና ፊደል ሳይቆጥር እንደነበር፣ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ባለሙያ እንደማይሆን ጻፈ። በቁጣው መሐል ግን አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ጣል አድርጎ ሄደ፤ የሞድፕሮብ ዲን ፋይሎች በሙሉ ለምን እንዳልለጠፍኩ ጠየቀ። ቁጣውን እንጂ ጥያቄውን ማንም ልብ አላለም፤ እኔም ጭምር።

ምላሽ 8። መምህሩ ገቡ። ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ጠርተው፣ ክርክሩ በዕድሜ ላይ ሳይሆን በተለጠፈው መስመር ላይ እንዲሆን ለመኑ። በይዘቱ ከ6ኛው ጋር ተስማሙ፤ ነገር ግን ብላክሊስት የሚለው ቃል ራሱ ሰውን እንደሚያሳስት፣ እሳቸውም ለዓመታት እንደ ዱባዩ ጸሐፊ ያምኑ እንደነበር አከሉ። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነገሩን ያበረደችው ይመስለኛል።

ምላሽ 9። ቀጣዩዋ ጸሐፊ በዋሽንግተን አካባቢ በሰርቨር ሥራ ላይ ያለች እህት ናት፤ የሲዲውን ጉዳይ የፈታችው እሷ ነች። አዳፕተሯ ስትሰካ በመጀመሪያ ራሷን የምታቀርበው እንደ ሲዲ ማጫወቻ ነው፤ በዚያ ምናባዊ ሲዲ ውስጥ ያለው የዊንዶውስ ድራይቨር መጫኛ ሲሆን፣ ዓላማው የዊንዶውስ ተጠቃሚ ያለ ኢንተርኔት ድራይቨሩን ከራሷ ከአዳፕተሯ እንዲጭን ነው። ያ ሲዲ ኢጀክት ሲባል አዳፕተሯ ከዩኤስቢው ተላቅቃ እንደገና በዋይፋይነት ትመለሳለች፤ መለያዋ ከ1ኤ2ቢ ወደ ሲ811 የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቫይረስ የለም። በሊኑክስ ይህን ቅያሬ የሚፈጽመው ዩኤስቢ_ሞድስዊች የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህችን መለያ ሲያይ እንዲነሣ የሚያዝ ደንብ ማሽኑ ላይ ከሌለ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እንቆቅልሽ ሆኖብኝ የነበረውን፣ ሪስታርት ሳደርግ ሲዲው የማይመጣበትንና መብራት ሲሄድ ብቻ የሚመጣበትን ምክንያትም ገለጠችልኝ። በብዙ ማሽኖች ላይ ሪስታርት ሲደረግ የዩኤስቢው ኃይል አይቋረጥም፤ ስለዚህ አዳፕተሯ በዋይፋይነቷ ትቆያለች። መብራት ሲሄድ ግን ኃይሏ ጨርሶ ይጠፋና ሲመለስ እንደ አዲስ በሲዲነት ትጀምራለች። እሷ በምትኖርበት ከተማ መብራት እንደ እኛ ስለማይሄድ ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ሳያየው እንደሚቀርም ጨመረች።

ምላሽ 10። ከሪያድ የጻፈ ሰው በሚሠራበት ቦታ እንዲህ ያለች አዳፕተር ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የምትይዝ የተበላሸች ፍላሽ ተብላ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንደተገኘችና እስከ ዛሬ እሱ እንደሚጠቀምባት ተናገረ።

ምላሽ 11። አንድ የቨርጂኒያ ነዋሪ ጉዳዩን በሙሉ በአንድ ምክር ሊዘጋው ሞከረ፤ ከርነሉ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የሚያውቃቸውን የሚዲያቴክ ቺፖች እንድገዛ መከረኝ። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ኤምቲ7612ዩ ከ4.19 ጀምሮ፣ ኤምቲ7921ዩ ከ5.18 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር በሚመጣ ድራይቨር ይሠራሉ፤ ምንም መገንባት አያስፈልግም። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፤ የአዳፕተር ሞዴል ስም ሳይለወጥ ውስጡ ያለው ቺፕ ከአንዱ እትም ወደ ሌላው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ገዢ ማመን ያለበት በማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ኤልኤስዩኤስቢ የሚያወጣውን መለያ ነው።

ምላሽ 12። የ4ኛው ጸሐፊ ለዚህ የሰጠው መልስ የክሩ ሁሉ ስለታሙ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚገዛው ሱቁ ውስጥ ያለውን እንደሆነ፣ ሻጩ አዳፕተሯን ሳይከፍል ሰክቶ የመሞከር ዕድል እንደማይሰጥ፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ የተሻለ ግዛ ማለት ምክር ሳይሆን ጉራ መሆኑን ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ እውነት ነው፤ ግን ሰውየው በቅንነት ነው የመከረኝ፤ መለያ ቁጥሩን እመን ያለውም ለሱቅ ገዢ ይበልጥ የሚጠቅም ነገር ነው። እኔ ራሴ አዳፕተሯን ስገዛ ማሸጊያው ላይ የነበረው ቃል ከርቀትና ከፍጥነት በቀር ምንም አይናገርም ነበር።

ምላሽ 13። አንዲት ጸሐፊ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ) በርቶ እንደሆነ ጠየቀች፤ በበራበት ማሽን ላይ በዲኬኤምኤስ የተገነባ ሞጁል በባለቤቱ በተመዘገበ ቁልፍ ካልተፈረመ ከርነሉ እንደማይቀበለውና ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚል መልእክት እንደሚያወጣ አስረዳች። ማሽኔ ላይ ጠፍቶ ስለነበር ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ።

ምላሽ 14። እዚህ ላይ ክሩ ጥቂት ዞር አለ። አንድ ሰው ድራይቨር ስለምን ነጂ እንደማይባል ጠየቀ፤ ሌላው በዚያው ምላሽ ሥር ነጂ ከተባለ ሁለት ነጂ ለአንድ መኪና ምን እንደሚሆን ማንም ሳይነግረው ይገባው ነበር ብሎ ተሳለቀብኝ።

ምላሽ 15። ይህ ረጅሙና እኔ በጣም የወደድኩት ነው። ጸሐፊው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በእስራኤል የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ለሊኑክስ ድራይቨር ስላልነበራቸው ኤንዲአይኤስራፐር በተባለ መሣሪያ የዊንዶውሱን ድራይቨር ሊኑክስ ውስጥ ያስሮጡ እንደነበር አስታወሱ። የከርነሉ ጸሐፊዎች የውስጥ አሠራራቸውን በየእትሙ የመለወጥ መብታቸውን ሆን ብለው ስለጠበቁ፣ ከከርነሉ ውጭ የሚኖር ድራይቨር እያንዳንዱን ለውጥ ተከትሎ መታረም አለበት፤ በ5.15 የተገነባው ኮድ በ6.8 ላይ አልገነባ ያለኝ ስለዚህ ነው። ከርነሉ ውስጥ የገባውን ግን የውስጡን አሠራር የሚለውጠው ሰው ራሱ አብሮ ያርመዋል። በዚህ መሐል ላሪ ፊንገርን አነሡ፤ የብሮድኮምንና የሪልቴክን ገመድ አልባ ድራይቨሮች በሊኑክስ ላይ እንዲሠሩ ለብዙ ዓመታት የደከሙና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ያረፉ ሰው ናቸው።

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩን። 8188ኢዩ የተባለ ቺፕ ያላት አሮጌ አዳፕተር አለቻቸው። ለዓመታት ትሠራ የነበረው በከርነሉ የሙከራ ክፍል ውስጥ በነበረው አር8188ኢዩ ድራይቨር ነበር። ያ ድራይቨር በ6.3 ከርነል ተወገደና ቺፑን አርቲኤል8ኤክስኤክስኤክስዩ ተረከበው። እሳቸው ግን ከብዙ ዓመት በፊት በሰው ምክር ይህንኑ ተረካቢ በብላክሊስት አግደው ኖሯል፤ ምክሩ በጊዜው ልክ ነበር። ከርነሉን ባሻሻሉ ማግሥት ዋይፋያቸው ጠፋ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አዳፕተሯ ሞታለች ብለው እንዳዘኑባት፣ በኋላ አንዲት የረሷት መስመር ሆና እንደተገኘች ጻፉ።

ምላሽ 16። መምህሩ የሥራውን ቅደም ተከተል ሰጡኝ። መጀመሪያ ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቼ ኢንተርኔት ከስልኩ እንዲመጣ ማድረግ፤ ያለ ኢንተርኔት የቀረ ሰው የጎደለውን ማውረድ አይችልምና። ሁለተኛ፣ ምንም ከማጥፋቴ በፊት መሞከር፤ 8821ሲዩን በሞድፕሮብ ሰረዝ አር አስወጥቼ የከርነሉን ድራይቨር በስሙ ጠርቼ በሰረዝ ቲው ዝርዝር ላይ የድራይቨሩ ስም ከአርቲኤል ወደ አርቲደብሊው መለወጡን ማየት። የሚሠራ ከሆነ ብቻ ሁለቱንም የዲኬኤምኤስ መዝገቦች ማስወገድ፣ የሁለቱንም ወገን የብላክሊስት ፋይሎች መሰረዝ፣ ኢኒትራምኤፍኤስን (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ የሚነበበውን የፋይሎች ጥቅል) ማደስና እንደገና ማስነሣት። ቢከሽፍ ዲሜሰጅ (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ የፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ፋይል አልተገኘም የሚል መስመር መኖር አለመኖሩን እንዳይም ነገሩኝ።

ምላሽ 17። ያሉኝን አደረግኩ። ሙከራው ላይ የድራይቨሩ ስም በአርቲደብሊው በሚጀምረው ተተክቶ ሳየው ደስ አለኝ፤ ዋይፋዩም መጣ። አሮጌዎቹን አጠፋሁ፤ በእያንዳንዱ የሲስተም ማሻሻያ መጨረሻ ላይ ይወጣ የነበረው የዲኬኤምኤስ ስሕተትም አብሮ ጠፋ። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣሁት። ዋይፋይ የለም። ዝርዝሩ ላይ መለያዋ ሲ811 ነው፣ ድራይቨሯ ደግሞ ያው ኖን ነው። የታገደ ስም ካለ ብዬ በግሬፕ እንደገና ፈለግኩ፤ ምንም አልተገኘም። ተስፋ መቁረጤን የሚያሳይ መልእክት ለጠፍኩ፤ ባልለጥፈው ይሻል ነበር።

ምላሽ 18። የፈታው የዱባዩ ጸሐፊ ነው። በ7ኛው ምላሽ ላይ የጠየቀውን ማንም እንዳልመለሰለት በማስታወስ ጀመረ፤ ከዚያ ሞድፕሮብ ሾውኮንፊግ በሚባለው አማራጩ ሥርዓቱ ያነበበውን ውቅር በሙሉ በአንድ ቦታ እንደሚያሳይ ነግሮኝ፣ ሙሉ ስሙን ሳይሆን 8821 የሚለውን ቁጥር ብቻ እንድፈልግ አዘዘኝ። ምክንያቱንም ገመተ። ሞድፕሮብ በሞጁል ስም ውስጥ የታችኛውን ሰረዝና የመሐሉን ሰረዝ አይለያቸውም፤ ግሬፕ ግን ይለያቸዋል። ከፋይሎቹ በአንዱ ስሙ በመሐል ሰረዝ ተጽፎ ከሆነ ፍለጋዬ አያገኘውም፤ እገዳው ግን ይጸናል።

ልክ ነበር። ከሦስተኛው ቪዲዮ የገለበጥኩት፣ ዋይፋይ ብዬ የሰየምኩት ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ተቀምጣለች፤ ብላክሊስት አርቲደብሊው88-8821ሲዩ ትላለች፣ በመሐል ሰረዝ። በ3ኛው ምላሽ ፋይሎቹን ሁሉ ለጥፌ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ያን ቀን ያያት ነበር።

ምላሽ 19። ፋይሉን ሰርዤ ስለ ውጤቱ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዋይፋዩ ያለ ማንም ጥሪ መጣ። የዱባዩን ወንድም ይቅርታ ጠየቅኩ። የ4ኛው ጸሐፊም አንድ መስመር ጽፎ ነጥቡን ተቀበለ፤ በዚህ ክር ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። መቋረጡ ግን እንደቀጠለ ነበር።

ምላሽ 20። የዋሽንግተኗ እህት ሁለት ነገር እንድመረምር ነገረችኝ። የመጀመሪያው፣ የዩኤስቢ 3 መሣሪያዎች በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ እንደሚፈጥሩ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል፤ ስለዚህ አዳፕተሯ ከሰማያዊው (የዩኤስቢ 3) ፖርት ጎን ተሰክታ እንደሆነ ማየት፣ ከሆነም በማራዘሚያ ገመድ ማራቅ ወይም ራውተሩ ካለው በ5 ጊጋኸርዝ መገናኘት። ሁለተኛው፣ ኔትወርክ ማኔጀር (ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከሚንት ጋር ሲመጣ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባን ያበራል፤ በውቅር ፋይሉ ውስጥ ፓወርሴቭ የሚለው ቁጥር 3 ከሆነ በርቷል ማለት ነው፣ 2 ከተደረገ ይጠፋል።

ምላሽ 21። አዳፕተሯን ከፊት ካለው ሰማያዊ ፖርት ነቅዬ በአንድ ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ከኋላ ባለው ጥቁር ፖርት ሰካኋት፤ ቁጥሩንም ከ3 ወደ 2 ለወጥኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቆየ። ደስታዬን ለጠፍኩ።

ምላሽ 22። የ4ኛው ጸሐፊ ደስታዬን ቆረጠው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ በመለወጤ የትኛው እንዳዳነኝ አሁንም እንደማላውቅ፣ ሦስት ቪዲዮ አንድ ላይ የተከተልኩበትን ጥፋት መልሼ እንደሠራሁ ጻፈ። አነጋገሩ ኮስተር ያለ ቢሆንም የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።

ምላሽ 23። ቁጥሩን ወደ 3 መለስኩና አዳፕተሯን ከኋላው ፖርት ሳላነሣ አንድ ምሽት ተጠቀምኩ፤ አልተቋረጠም። በማግሥቱ ወደ ፊተኛው ሰማያዊ ፖርት መልሼ፣ ከጎኗ ባለው ፖርት ላይ ፊልሞች የምገለብጥበትን የዩኤስቢ 3 ፍላሽ ሰካሁና በተርሚናል ራውተሩን ፒንግ ማድረግ (አጭር መልእክት እየላኩ ምላሹ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት) ጀመርኩ። ፍላሹ ሥራ ሲፈታ ምላሹ በሁለት በሦስት ሚሊሰከንድ ይመጣል። ፊልም መገልበጥ ስጀምር ወደ መቶዎች ዘለለ፣ ቀጥሎ መልስ መስጠት አቆመ፣ ከዚያ ዋይፋዩ ወደቀ። ግልበጣውን ሳቆመው ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። በየአሥር ደቂቃው ያልኩት እንግዲህ ፋይል በምገለብጥበት ሰዓት ሁሉ ማለት ኖሯል።

ምላሽ 24። የቀረው ሲዲው ነበር። መምህሩ መሣሪያ ሲሰካ ምን እንደሚደረግ በሚወስኑት የዩዴቭ ደንቦች ፎልደር ውስጥ አንድ መስመር እንድጽፍ አሳዩኝ፤ የሠሪ መለያው 0ቢዲኤ፣ የምርት መለያው 1ኤ2ቢ የሆነ መሣሪያ ሲመጣ ዩኤስቢ_ሞድስዊች ኢጀክት የሚያደርገውን አማራጭ ይዞ እንዲነሣ የሚያዝ ነው። ጽፌ አስቀመጥኩት። ለመሞከር ሶኬቱን ልንቀለው ስል ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት ራሱ ሄደ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲመለስ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ ጠበቅኩ። የሲዲው ምስል ለቅጽበት ብቅ ብሎ ጠፋ፤ ዋይፋዩ ሳልነካው ተገናኘ። ሰረዝ ቲውን ጻፍኩ፤ መስመሯ ላይ ያለው የድራይቨር ስም በአርቲደብሊው ይጀምራል። ቅጂውን እዚህ ለጥፌ ክሩን የተፈታ በሚለው ምልክት ዘጋሁት።